ሁልጊዜ ሶኬት ላይ የሚውል የላፕቶፕ ባትሪ እንዴት ይጠበቃል?

ሰው የገዛውን ዕቃ በሁለት መንገድ ያጠፋዋል። አንደኛው ከመጠን በላይ በማሠራት ነው፤ ሁለተኛው አያያዙን ባለማወቅ ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጫማ በመሄድ ብዛት ያልቃል፣ ማረሻ በማረስ ብዛት ይዶለዱማል፣ ልብስም በመታጠብ ብዛት ይሳሳል። ሁለተኛው ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለ ሆነ ባለቤቱ ሳያውቀው ዕቃው ያረጃል። እኔም በዚህ ዓመት በመጽሔታችን ላይ ልጽፍበት የመረጥሁት ነገር ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ይኸውም ከቤት የማይወጣና ከሶኬት የማይነቀል የላፕቶፕ ባትሪ ሳይሠራ የሚያረጅበት ምክንያትና የአጠባበቁ ዘዴ ነው።

ላፕቶፕ የተሠራው ከቦታ ወደ ቦታ እየተያዘ እንዲሄድ ታስቦ ነው። በብዙዎቻችን ቤት ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በእኛ ቤት ያለው ላፕቶፕ አባትና እናቴ በዕቁብ ገንዘብ የገዙት አንድ ብቻ ሲሆን ለሦስት ልጆች ያገለግላል። ታላቅ እኅቴ የሒሳብ አያያዝ ትምህርቷን ትሠራበታለች፤ እኔ የክፍሌን ማስታወሻ እጽፍበታለሁ፤ ታናሽ ወንድሜም እንግሊዝኛ ይለማመድበታል። አንዱ ሲነሣ ሌላው ስለሚቀመጥ ከጠረጴዛው የሚነሣበት ጊዜ የለም። የክፍል ጓደኞቼን ጠይቄ እንደ ተረዳሁት በብዙዎቻቸው ቤት ያለውም ሁኔታ ይኸው ነው።

«ታዲያ በሶኬት የሚሠራ ከሆነ ስለ ባትሪው ማሰብ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ባትሪው የሚፈለገው መብራት በጠፋ ጊዜ ነው። ማታ የቤት ሥራ በሚሠራበት ሰዓት መብራት ድንገት ቢጠፋ፣ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ አብሮ ይጠፋል፤ ያልተቀመጠውም ጽሑፍ አብሮት ይሄዳል። ከዚህም በላይ አዲስ ባትሪ መግዛት ለአንድ ቤተ ሰብ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ለቆየ ሞዴል የሚስማማ ደኅና ባትሪ ከገበያ ማግኘትም ያስቸግራል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በወረቀትም በኮምፒዩተርም መሰጠቱን ለምናስታውስ ተማሪዎች ደግሞ፣ በቤት ውስጥ በኮምፒዩተር መለማመድ እንደ ትርፍ ነገር የሚታይ አይደለም። ስለዚህ የባትሪው ጉዳይ የትምህርታችን ጉዳይ ነው።

የባትሪው ታሪክና አሠራር

ባትሪ የትናንት ፈጠራ አይደለም። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ የመጀመሪያውን ባትሪ ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1800 ነው። በ1859 ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በእርሳስና በአሲድ የሚሠራ፣ ሲያልቅም ተመልሶ የሚሞላ ባትሪ ሠራ፤ ዛሬ በብዙ መኪናዎች ውስጥ የምናየው ባትሪ የዚሁ ዘር ነው። ለእጅ ባትሪና ለሬዲዮ የምንገዛው ድንጋይ ግን አንድ ጊዜ ካለቀ የሚጣል ነው።

በላፕቶፕ ውስጥ ያለው ባትሪ ሊቲየም አዮን የሚባለው ነው። ይህ ባትሪ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም የሊቲየም ባትሪን መሠረት ጣለ። በ1980 ጆን ጉድኢናፍ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ በኮባልት ኦክሳይድ አማካይነት የበለጠ ቮልቴጅ የሚገኝበትን መንገድ አሳየ። በ1985 ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ ንጹሕ የሊቲየም ብረት የማያስፈልገውንና ስለዚህም አደጋው የቀነሰውን ባትሪ ሠራ። በ1991 የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ለገበያ አቀረበው። ሦስቱም ሊቃውንት በ2019 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት አብረው ተቀበሉ፤ በዚያን ጊዜ ጉድኢናፍ የ97 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ይህን የጠቀስሁት ዕድሜ ከመማርና ከመሥራት እንደማያግድ ለማሳሰብም ጭምር ነው።

አሠራሩን ለመረዳት በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ጎተራዎች እንዳሉ እናስብ። አንዱ ጎተራ ከግራፋይት የተሠራ ነው፤ ግራፋይት በእርሳሳችን ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ነው። ሁለተኛው ጎተራ ኮባልትን ከመሳሰሉ ብረቶች ኦክሳይድ የተሠራ ነው። እህሉ ሊቲየም ነው። በሁለቱ ጎተራዎች መካከል ሊቲየሙ የሚሻገርበት ፈሳሽና ጎተራዎቹ እንዳይነካኩ የሚከለክል ስስ ፕላስቲክ አለ። ባትሪውን ስንሞላ ሊቲየሙ ከኦክሳይዱ እየወጣ ወደ ግራፋይቱ ይገባል፤ ስንጠቀምበት ደግሞ ወደ መጣበት ይመለሳል። እርሱ በውስጥ በኩል ሲመላለስ ኤሌክትሮኖች በውጭ በሽቦው በኩል ይዞራሉ፤ ላፕቶፑን የሚያሠራውም ይህ የኤሌክትሮኖች ጉዞ ነው።

የዚህ ዐይነቱ አንድ ሴል ባዶ ሲሆን ቮልቴጁ ወደ 3 ገደማ ይወርዳል፤ በመካከለኛው ሁኔታ 3.6 ወይም 3.7 ይሆናል፤ ጢም ብሎ ሲሞላ ብዙውን ጊዜ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ይህችን 4.2 የምትባል ቁጥር አንባቢዎቼ በልባቸው ይያዙልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ በእርሷ ላይ ነውና።

ሳይሠራ የሚያረጀው ለምንድን ነው?

ባትሪ ሁለት ዐይነት እርጅና አለው። የመጀመሪያው የሥራ እርጅና ነው። ሊቲየሙ በተመላለሰ ቁጥር ጎተራዎቹ ጥቂት በጥቂት ይጎዳሉ። አንድ ሙሉ ዙር የሚባለው የባትሪው መቶ በመቶ ወጥቶ ሲተካ ነው፤ ዛሬ ግማሹን፣ ነገም ግማሹን ብንጠቀም ሁለቱ ቀናት አንድ ላይ አንድ ዙር ይሆናሉ። ብዙ የላፕቶፕ ባትሪዎች ከ300 እስከ 500 ዙር ከሠሩ በኋላ የመጀመሪያ ጉልበታቸው ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ እስከ 1,000 ዙር እንዲያገለግሉ ተብለው የሚሠሩም አሉ።

ሁለተኛው የዘመን እርጅና ነው፤ ይህ ባትሪው ቢሠራም ባይሠራም የሚመጣ ነው። በግራፋይቱ ላይ ከፈሳሹና ከሊቲየሙ የሚፈጠር ስስ ሽፋን አለ። ሽፋኑ በመጀመሪያ ጠቃሚ ነው፤ ፈሳሹ ግራፋይቱን እንዳይበላው ይከላከላልና። ዳሩ ግን በዘመን ብዛት እየወፈረ ይሄዳል፤ በወፈረም መጠን ከእህሉ፣ ማለት ከሊቲየሙ፣ እየወሰደ በዚያው ያስቀረዋል። በሁለተኛውም ጎተራ በኩል ቮልቴጁ ከፍ ባለ ጊዜ ፈሳሹ ከኦክሳይዱ ጋራ እየተዋሐደ ይበላሻል። ስለዚህ ባትሪው በ4.2 ቮልት ላይ ጢም ብሎ በቆመ ቁጥር እነዚህ ሁለት ጥፋቶች ይፈጥናሉ።

ይህን ለአያቴ ለማስረዳት የተጠቀምሁበት ምሳሌ የአህያ ምሳሌ ነው። አህያ ወደ ገበያ ጭነት ተሸክማ ስትሄድ እንደምትደክም ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ሙሉ ጭነቷን እንደ ተሸከመች ከገበያው ዳር ቀኑን ሁሉ ብትቆምስ? አንድ እርምጃ ባትራመድም ጀርባዋ ይላጣል። ከጭነቷ ጥቂት ቢቀነስላት ግን ብዙ ትታገሣለች። ሶኬት ላይ ሆኖ ዘወትር መቶ በመቶ የሞላ ባትሪም እንዲሁ ነው፤ አይሄድም፣ ነገር ግን ጭነቱን አያወርድም።

የዚህ እርጅና ሁለተኛ አባባሽ ሙቀት ነው። በኬሚስትሪ ክፍል እንደ ተማርነው፣ በብዙ የኬሚካል ለውጦች ዘንድ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ እጥፍ ያህል ይሆናል። በባትሪው ውስጥ ያለውም ጥፋት የኬሚካል ለውጥ ስለ ሆነ ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ስለ ሊቲየም አዮን ባትሪ በሰፊው ከሚታወቁት ሰንጠረዦች አንዱ ነገሩን በቁጥር ያሳየናል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ፣ 40 በመቶ ተሞልቶ የተቀመጠ እንደ ሆነ ከጉልበቱ 96 በመቶ ያህል ይቀርለታል፤ መቶ በመቶ ተሞልቶ የተቀመጠ እንደ ሆነ ግን 80 በመቶ ያህል ብቻ ይቀርለታል። በ40 ዲግሪ ሙቀት ደግሞ የመጀመሪያው ወደ 85፣ ሁለተኛው ወደ 65 ይወርዳል። እንግዲህ ሙላትና ሙቀት አንድ ላይ ሲገናኙ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሲሶ በላይ ሊወስዱ ይችላሉ ማለት ነው። ባትሪው ግን በዚያን ዓመት አንድ ፊደል እንኳ አላስጻፈም።

በሰፊው የሚነገሩ ሦስት አሳቦች

ስለ ባትሪ በሰፈርም በተማሪ ቤትም ብዙ ይነገራል። ከሰማኋቸው ውስጥ ሦስቱን እመረምራለሁ።

የመጀመሪያው «ሶኬት ላይ ካደረ ከመጠን በላይ ይሞላና ይፈነዳል» የሚለው ነው። ይህ ትክክል አይደለም። በባትሪው ውስጥ መሙላቱን የሚቆጣጠር ወረዳ፣ ማለት የኤሌክትሪክ ሰርኪት አለ፤ ልኩ ላይ ሲደርስ መሙላቱን ያቆማል። ከዚያም በኋላ ላፕቶፑ በቻርጀሩ ይሠራል፤ ባትሪውም ያርፋል። ጉዳቱ ሞልቶ ከመፍሰስ የሚመጣ ሳይሆን ሞልቶ ከመቆየት የሚመጣ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ መድኃኒቱን እንስተዋለን።

ሁለተኛው «ባትሪው እንዳይሰንፍ በየቀኑ ጨርሶ አራግፎ እንደገና መሙላት ይገባል» የሚለው ነው። ይህ ምክር ኒኬል ካድሚየም ለሚባለው ለቀድሞው ዐይነት ባትሪ የተሰጠ ነበር። ሊቲየም አዮን እንደዚያ ያለ ጠባይ የለውም። እንዲያውም እስከ ባዶ ማውረድ ይጎዳዋል፤ በየቀኑ ማራገፍም ያለ ጥቅም ዙሩን ይጨርሳል። አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው።

ሦስተኛው «ሶኬት ላይ ሲውል ባትሪውን አውጥቶ ማስቀመጥ ነው» የሚለው ነው። በቀድሞዎቹ ላፕቶፖች ይህ ይቻል ነበር፤ ባትሪውንም ከሙቀት ያድነዋል። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ማሽኑ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል፤ ባትሪውን የምንጠብቀው ለዚያች ቅጽበት ስለ ሆነ ዘዴው ዓላማውን ያፈርሳል። በአሁኖቹ ላፕቶፖች ደግሞ ባትሪው በውስጥ በብሎን የታሰረ ስለ ሆነ በየጊዜው የሚወጣ አይደለም።

ምን ማድረግ ይገባል?

አንደኛ፤ የሙላቱን ልክ መወሰን። ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ላፕቶፑ 80 በመቶ ገደማ ሲደርስ መሙላቱን እንዲያቆም ማዘዝ ነው። ብዙ ኩባንያዎች ይህን ትእዛዝ በማሽኑ ውስጥ አስቀምጠውታል፤ ስሙ ግን እንደየኩባንያው ይለያያል። በሌኖቮ ላፕቶፖች «ሌኖቮ ቫንቴጅ» በተባለው ፕሮግራም ውስጥ «ኮንሰርቬሽን ሞድ» ይባላል። በአሱስ «ማይአሱስ» በተባለው ውስጥ ይገኛል። በዴልና በኤችፒ በብዙዎቹ ሞዴሎች ማሽኑ ሲነሣ በሚከፈተው ባዮስ ውስጥ ይገኛል። በአፕል ላፕቶፖች ከ2020 ወዲህ የባለቤቱን ልማድ እያጠና ከ80 በመቶ በላይ መሙላቱን የሚያዘገይ ሥርዓት ገብቷል። ትእዛዙ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ቻርጀሩ ሁልጊዜ ቢሰካም ጉዳት የለውም፤ ሰው በየጊዜው እየተነሣ መንቀልና መሰካትም አያስፈልገውም።

ሁለተኛ፤ ይህ ትእዛዝ የሌለበት ላፕቶፕ ከሆነ። በዚህ ጊዜ ሥራው የእጅ ሥራ ይሆናል። ማታ ሥራ ሲያልቅ ላፕቶፑን አጥፍቶ ቻርጀሩን መንቀል፤ ሞልቶ እንዳያድርም በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ያለ ቻርጀር እየሠሩ ወደ 40 በመቶ ገደማ ማውረድና እስከ 80 ብቻ መሙላት ይበቃል። ይህን በቤቱ ካሉት ልጆች ለአንዱ በኃላፊነት መስጠት ጥሩ ነው፤ የሁሉ የሆነ ሥራ የማንም አይሆንምና።

ሦስተኛ፤ ከሙቀት መጠበቅ። ላፕቶፕን በአልጋ፣ በፍራሽ ወይም በጋቢ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር መውጫውን ይደፍነዋል። በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ማኖር፣ ከኋላውም በሁለት ትንንሽ እንጨቶች ከፍ ማድረግ አየር እንዲያልፍ ይረዳል። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ እንዲሁም ከምድጃ አጠገብ መራቅ አለበት። አቧራውንም በየጊዜው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይገባል። እንደ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላና ሰመራ ባሉ ሙቅ አገሮች የሚኖሩ ዘመዶች ያሉን ይህን ምክር በተለይ ለእነርሱ ብንነግራቸው መልካም ነው። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ይጠቅመናል፤ ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በላፕቶፑ ውስጥ ያለው ማራገቢያም በዚህ ስስ አየር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ «አገራችን ብርድ ነው» ብለን የአየር መውጫውን መድፈን አይገባንም።

አራተኛ፤ ጨርሶ ባዶ አለማድረግ። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስንሠራ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ ጽሑፉን አስቀምጦ ማጥፋት ይሻላል።

አምስተኛ፤ ለዕረፍት ስንለየው። በክረምት ወራት ወደ ዘመድ አገር የሚሄድ ቤተ ሰብ ላፕቶፑን ከግማሽ ገደማ ሞልቶ፣ ጨርሶ አጥፍቶና ከሶኬት ነቅሎ በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ ቢያስቀምጠው ሲመለስ ደኅና ሆኖ ያገኘዋል። ሞልቶ መተው አንድ ጥፋት ነው፤ ባዶውን መተው ደግሞ የባሰ ነው።

መብራት ለሚጠፋበት ቤት

ይህን ሁሉ ካጠናሁ በኋላ ለቤተ ሰቤ ስነግር አባቴ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ መብራት መቼ እንደሚጠፋ ማን ያውቃል? ባትሪው የሚፈለገው ለዚያ ከሆነ ለምን ጎደሎ አድርገን እንጠብቀዋለን? ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር በርሜሉን ሰማንያ በመቶ የሚሞላ ማን ነው?» አሉኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መብራት በማይጠፋበት አገር ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈውን ምክር እንደ ወረደ ተቀብሎ ከመሄድ የሚያድንም ነው። እኔም ወረቀት አውጥቼ በሒሳብ ለማስረዳት ሞከርሁ።

ለምሳሌ የባትሪው ጉልበት አዲስ ሳለ 50 ዋት-ሰዓት ነው እንበል። ላፕቶፑ ጽሑፍ ሲጻፍበት 10 ዋት ይበላል እንበል። ጢም ብሎ ሲሞላ 5 ሰዓት ያሠራል፤ በ80 በመቶ ላይ ሲቆም 40 ዋት-ሰዓት ይዞ 4 ሰዓት ያሠራል። እንግዲህ የዛሬው ኪሳራችን አንድ ሰዓት ነው።

አሁን ደግሞ ጥቂት ዓመታት አለፉ እንበል። ሁልጊዜ ሞልቶና ሞቆ የኖረው ባትሪ ከጉልበቱ 60 በመቶ ብቻ ቀርቶት ቢሆን፣ ጢም ብሎ ሲሞላ የሚይዘው 30 ዋት-ሰዓት ነው፤ ይህም 3 ሰዓት ነው። ተጠብቆ የኖረው ግን 85 በመቶ ቀርቶለት ቢሆን፣ ጉልበቱ 42.5 ዋት-ሰዓት ነው። የዚህ 80 በመቶ 34 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ይህም 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ነው። የሚያስፈልግ ቀን መጥቶ ጢም ቢል ደግሞ 4 ሰዓት ከሩብ ያሠራል። ስለዚህ የጤነኛው ባትሪ ጎደሎ ከሕመምተኛው ባትሪ ሙሉ በለጠ ማለት ነው። ውሃ በበርሜል ሲሞላ በርሜሉ አይጠብም፤ ባትሪ ግን ሞልቶ በቆመ ቁጥር ራሱ በርሜሉ እየጠበበ ይሄዳል። የአባቴ ምሳሌና የባትሪው ጠባይ የሚለያዩት በዚህ ነው።

አባቴ ወረቀቱን ተመልክተው፣ «መልካም ነው፤ በፈተና ሰሞን ግን ሙሉ ይሁን» አሉ። እኔም ተስማማሁ፤ ምክንያቱም ባትሪው ለሰው ተሠራ እንጂ ሰው ለባትሪው አልተሠራም። ስለዚህ በቤታችን የወሰንነው ደንብ ይህ ነው። በዘወትር ቀን ልኩ 80 በመቶ ይሆናል። መብራት እንደሚቋረጥ አስቀድሞ የተነገረ እንደ ሆነ፣ ወይም መብራት በተደጋጋሚ የሚሄድበት ሳምንት የመጣ እንደ ሆነ፣ ወይም የፈተና ሰሞን ከሆነ ትእዛዙ ተነሥቶ መቶ በመቶ ይሞላል፤ ያ ጊዜ ሲያልፍም ወደ 80 ይመለሳል። ለጥቂት ቀናት ሞልቶ መቆየት ባትሪን አይገድለውም፤ የሚገድለው ዓመቱን ሙሉ እንደ ሞላ መኖር ነው።

ጤናውን መመርመር

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝ፣ እኛም የባትሪውን ጤና ሳናውቅ መፍረድ የለብንም። ዊንዶውስ ባለበት ላፕቶፕ የትእዛዝ መስጫውን ጥቁር መስኮት ከፍቶ «ፓወርሲኤፍጂ» ብሎ፣ ክፍት ቦታ ትቶ፣ ስላሽ አስከትሎ «ባትሪሪፖርት» የሚለውን አንድ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ነው። ማሽኑ አንድ ዝርዝር ያወጣል። በዚያ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ይፈለጋሉ፤ አንዱ ባትሪው ሲሠራ የተሰጠው ጉልበት ነው፤ ሁለተኛው ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው 50,000፣ ሁለተኛው 42,000 ሚሊዋት-ሰዓት ቢሆን፣ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍለን በ100 ስናበዛ 84 እናገኛለን፤ የባትሪው ጤና 84 በመቶ ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር በየሦስት ወሩ በደብተር መጻፍ የእርጅናውን አካሄድ ያሳያል።

አንድ ማስታወሻ ልጨምር። በ80 በመቶ ላይ ለብዙ ጊዜ የቆመ ባትሪ መለኪያው ሊሳሳት ይችላል፤ 30 በመቶ ብሎ ሳለ ድንገት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ መቶ በመቶ ሞልቶ፣ ከዚያም ማስጠንቀቂያው እስኪመጣ ድረስ ተጠቅሞ እንደገና መሙላት መለኪያውን ያስተካክለዋል። ይህ ለመለኪያው የሚደረግ እንጂ ለባትሪው ብርታት የሚደረግ አይደለም።

በመጨረሻም አደጋን የሚመለከት ነገር አለ። ባትሪ ሲያረጅና ሲጎዳ በውስጡ ጋዝ ሊፈጠር ይችላል። የላፕቶፑ የታችኛው ሽፋን ያበጠ እንደ ሆነ፣ መዳሰሻው ወደ ላይ የተነሣ ወይም ክዳኑ አልገጥም ያለ እንደ ሆነ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ማሽኑን አጥፍቶ ቻርጀሩን መንቀል፣ ዳግመኛም አለመሙላትና ወደ ባለሙያ መውሰድ ያስፈልጋል። ያበጠውን መጫን፣ መውጋት ወይም በቢላዋ ለመክፈት መሞከር እሳት ያስነሣል። ወላጆች ይህን ለትንንሽ ልጆች እንዲነግሩልኝ እለምናለሁ። የወጣውም ባትሪ ከቤት ጥራጊ ጋራ መጣል ወይም እሳት ውስጥ መግባት የለበትም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተናገርሁትን በአጭር ቃል ለመሰብሰብ፦ ሶኬት ላይ የሚውል ባትሪ የሚጎዳው በመሰካቱ ሳይሆን ሞልቶና ሞቆ በመኖሩ ነው። በዘወትር ቀን ልኩን 80 በመቶ ላይ ማቆም፣ ከሙቀት መጠበቅ፣ ባዶ አለማድረግ፣ ለሚያስፈልግ ቀን ብቻ ጢም አድርጎ መሙላት፣ ጤናውንም በየጊዜው እየለኩ መጻፍ ይገባል። ከእነዚህ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም።

አንባቢዎቼ ይህን ካነበቡ በኋላ በየቤታቸው ያለውን ባትሪ ቢመረምሩና ያገኙትን ቁጥር ከዕድሜው ጋራ ጽፈው ቢያመጡልኝ ደስ ይለኛል። የብዙ ቤት ቁጥር አንድ ላይ ሲሰበሰብ የትኛው አያያዝ በእኛ ከተማ፣ በእኛ አየርና በእኛ መብራት የተሻለ እንደ ሆነ ከሰው አፍ ሳንጠብቅ ራሳችን ለማወቅ እንችላለን። የተሰበሰበውንም በሚመጣው ዓመት እትም ላይ በሰንጠረዥ አድርጌ ለማቅረብ አስቤአለሁ።